የፔጆ ቅርጫ

በእኛ ከተማ ፔጆ ሲሞት አይጣልም፤ ይታረዳል። ቃሉን ለጽሑፌ ማጣፈጫ ያመጣሁት አይደለም። የድሬ ዳዋ ታክሲ ሾፌሮች ስለ አሮጌ ፔጆ ሲያወሩ ከዚህ ሌላ ቃል አልነበራቸውም፤ አንዱ «የእገሌን መቼ ነው የምናርደው?» ይላል፣ ሌላው «የእሱ እንኳ ገና ይተነፍሳል» ብሎ ይመልሳል። ድርጊቱን በዓይኑ ያየ ሰው ቃሉ እንዳልተጋነነ ይረዳል። መጀመሪያ መስታወቱ ይረግፋል። ቀጥሎ በሮቹ ከማጠፊያቸው ይገነጠላሉ። ከዚያ በያጁ ጣሪያውን የተሸከሙትን ብረቶች በጋዝ እሳት ይቆርጣል፤ ጣሪያው ወደ ኋላ ሲገለበጥ የሚወጣው ድምፅ ከብረት ይልቅ ከጉሮሮ የመጣ ይመስላል። የተረፈው ዘይት መሬት ላይ ይፈስሳል፤ አሸዋውም ይጠጣዋል።

ልማዱን የወለደው ችግር ነው። ሰማያዊና ነጭ የተቀባው ፔጆ የከተማዋ ታክሲ በነበረበት ዘመን፣ ከምድር ባቡር ጣቢያው ፊት ያለው አደባባይ ከዳር እስከ ዳር በእርሱ ይሞላ እንደነበር አባቴ ይናገራል፤ እኔ በልጅነቴ የደረስኩበት የዚያን ዘመን ማብቂያ ነው። ባጃጁ መጣ፤ ሚኒባሱ ተከተለ፤ የፔጆ ዕቃ የሚያስመጣው ነጋዴም ሱቁን ለሌላ ሸቀጥ አዋለው። የቀሩት ሾፌሮች፣ የአንዱ መኪና ዕድሜ የሚረዝመው በሌላው መኪና አካል ብቻ መሆኑ ሲገባቸው፣ ተሰብስበው ተስማሙ። መኪናው ከእንግዲህ የማይነሳ ባለቤት ብቻውን አይሸጠውም፤ እንደ በዓል በሬ ለቅርጫ ያቀርበዋል። መኪናው ተቆራርጦ በሸራ ላይ ይመደባል፤ ራዲያተሩ ከጎማው፣ ካምቢዮው ከዲናሞው ጋር እየተመጣጠነ ይቀመጣል፤ ከዚያ ዕጣ ይጣላል። ባለቤቱ ከዕጣው በፊት አንድ መደብ መርጦ የመውሰድ መብት አለው፤ የቀረው ለማኅበርተኞቹ ነው። በሥጋ ቅርጫ ክርስቲያንና ሙስሊም አይገናኙም፤ ሁሉም ለየራሱ ያርዳል። በፔጆ ቅርጫ ግን በአንድ ሸራ ዙሪያ ይቆሙ ነበር። ብረት በማን ስም እንደታረደ የሚጠይቅ የለም።

ከደንቦቹ ሁሉ የጠነከረው የመጀመሪያው ምት ነው። የመጀመሪያውን ምት የሚመታው ባለቤቱ ብቻ ነው፤ የሚመታውም በብረት፣ ኮፈኑ ላይ፣ ሾፌሮች እያዩ ነው። ምቱ ካረፈ መኪናው የእርሱ መሆኑ ያበቃል፤ ተጸጸትኩ ማለት አይቻልም።

የዚህ ደንብ መነሻ ደም ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ ከአባቴ ጋር በተገኘሁበት አንድ ቅርጫ ላይ፣ መኪናውን በፈቃዱ ያቀረበ አንድ ሾፌር በሮቹ ሲወልቁ ዝም ብሎ አየ፤ ጣሪያው ሲቆረጥ ግን ሐሳቡን ለወጠ። በቃ፣ ተዉልኝ አለ። ማንም አልሰማውም፤ ጫት በአፋቸው የያዙት ሳቁበት። ሰውየው ከጀርባው ጩቤ አውጥቶ የበያጁን ጭን ወጋ። ጩቤውን ሊያስጥሉት ተረባርበው መሬት ላይ ሲያንከባልሉት ጣቶቹ ከተቆረጠው ቆርቆሮ ስለት ጋር ተገናኙ። የሁለቱ ሰዎች ደም ሞተሩ ላይ ተቀላቅሎ አየሁ። ሞተሩ በቤንዚን ታጥቦ በዚያው ቀን በዕጣ ለሌላ ሰው ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ነው ባለቤቱ አስቀድሞ በራሱ እጅ እንዲመታ፣ ከመታም እንዳይመለስ የተደነገገው።

አባቴ የቁጡ ሰው ምሳሌ ነው። የተወለደው ከደጋ መጥተው በምድር ባቡር ከተቀጠሩ ወላጆች ነው፤ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር አድጎ፣ ከጎልማሳነቱ ጀምሮ የመኪና መሪ ሳይጨብጥ የዋለበት ቀን የለም። እጆቹ ሰፊ ናቸው፤ በልጅነቴ ከቃሉ በፊት የማውቀው እጁን ነበር። በሩን ገጭ አድርጎ የዘጋ ተሳፋሪ ከሰላምታ ይልቅ ስድብ ይዞ ይወርዳል። መኪናውንም ቢሆን አይምረውም ነበር፤ ጠዋት አልነሳ ካለው ጎማውን በእርግጫ ብሎ፣ ሰው እንደሚሰደብ በእናቱ ይሰድበዋል፤ ከዚያ ከኋላ ሻንጣው ማኖቬላውን ያወጣል። ማኖቬላ ከፊት በኩል ተሰክቶ ሞተሩን በእጅ የሚያዞር፣ ክንድ የሚያህል ወፍራም ብረት ነው። ሞተሩ ሲነሳ ብረቱ ወደ ኋላ ይፈናጠራል፤ የአባቴ የቀኝ እጅ አንጓ በዚያ መንገድ ተሰብሮ ጠማማ ሆኖ ገጥሟል። እንዲህ ሲደባደቡ ኖረው ግን አንድም ቀን ተለያይተው አያውቁም።

እናቴ ከሞተች በኋላ አባቴ በዚህ ዓለም የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ያለ መኪና መቅረትን። ቅርጫ ያወጡ ሾፌሮች ምን እንደሚሆኑ አይቷል። በማግስቱ ወደ አደባባዩ ይመጣሉ፤ ግን ተራ ስለሌላቸው የሚቆሙበት ቦታ የለም። ከዛፍ ሥር ተቀምጠው የሌላውን መኪና ሲያዩ ይውላሉ፤ ከዚያ መምጣቱን ይተዋሉ፤ ከዚያ አባቴ ወደ ለቅሷቸው ይሄዳል። እኔ በማታ ሕግ ተምሬ ከዚራ ውስጥ ባለ አንድ የጉምሩክ አስተላላፊ ቢሮ ስቀጠር፣ ከእንግዲህ አርፎ መኖር እንደሚችል በጥንቃቄ ቃል መርጬ ገልጬለት ነበር። መልሱ የምበላበት ሳህን ከግድግዳው ጋር ሲላተም ያሰማው ድምፅ ነው።

ግቢያችንን የምንጋራው ጎረቤታችንም የፔጆ ሾፌር ነው። ሙስሊም ነው፤ ከአባቴ ጋር ከወጣትነታቸው ጀምረው በአንድ ሰልፍ ተሰልፈው ያረጁ ናቸው። ድሬ አንቱታ ብዙም የማይዘወተርባት ከተማ በመሆኗ ብቻ ሳይሆን፣ እነርሱ ከአንተታም ወርደው ነበር የሚነጋገሩት፤ በስድብ ይገናኛሉ፣ በስድብ ይለያያሉ። በዚያ ዓመት የጎረቤታችን መኪና ከግቢው ጥግ በድንጋይ ላይ ተሰቅሎ ነበር። የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው ዲፈረንሺያል ጥርሱን ሰባብሮ፣ የሚተካ ዕቃ የሚገኘው ሌላ ፔጆ ሲታረድ ብቻ ነበር። ሰውየው ቤተሰቡን በምን እንደሚያሳድር አላውቅም፤ ጠዋት ጠዋት ከአባቴ ጋር ወደ አደባባዩ ይመጣል፣ ለሌሎቹ ተሳፋሪ ይጠራል፣ ከሰዓት ይመለሳል።

«ያንተዋን አንድ ቀን ካላረድክ እኔ ከዚህ ድንጋይ አልወርድም» ይለዋል አባቴን።

«እኔን መጀመሪያ እረደኝ» ይለዋል አባቴ፤ «እሷን የዚያን ጊዜ ትበላታለህ።»

ሁለቱም ይስቁ ነበር፤ ሆኖም ሳቁ ንጹሕ እንዳልነበረ የማይገባው አልነበረም። በዚያ ሰልፍ ላይ ሁሉም ሾፌር የባልንጀራውን መኪና የሚያየው፣ በጾም ማብቂያ ላይ ያለ ሰው በሬን በሚያይበት ዓይን ነበር።

ነገሩ የሆነው ሙቀቱ ገና በጠዋት አስፋልቱን ማላላት በጀመረበት በአንድ የሰኔ ቀን ነው። ወደ ቢሮዬ በእግሬ ስሄድ አደባባዩን አቋርጬ ነበር። አባቴ በሰልፉ ፊት ነበር፤ ሞተሩን አስነስቶ ሁለት ተሳፋሪ ይዞ ሦስተኛ ይጠብቃል። አንድ ባጃጅ ከጎን ገብቶ በፔጆውና በእግረኛ መንገዱ መካከል ራሱን ሰነቀረ፤ ሲገባም የፊተኛውን በር ከእጀታው እስከ መጨረሻው ፋቀው። የባጃጁ ሾፌር ሃያ ዓመት የሞላው አይመስለኝም። ሁለቱን ተሳፋሪዎች ወደ ራሱ ጠራቸው፤ እነርሱም ወርደው ሄዱ። አባቴ በመስኮቱ ብቅ ብሎ ምን ያህል እንደሰደበው አልሰማሁም፤ የልጁን መልስ ግን አደባባዩ ሁሉ ሰማው።

«ፋዘር፣ ይቺን ሬሳ ቅበራት። ሽታዋ ሰው እያባረረብን ነው።»

አባቴ ሲወርድ፣ ጠዋት ሞተሩን አስነስቶበት ከእግሩ ሥር የተወው ማኖቬላ በእጁ ነበር። ከባጃጁ መስታወት የተረፈ የለም፤ በአንዱ ምት የፊቱን መስታወት፣ በሌላው የጣሪያውን ዘንግ መታ። ልጁ ከመቀመጫው ሲዘልል ሦስተኛው ምት የትከሻውን ጫፍ አገኘው፤ ልጁ ጮኾ በጉልበቱ ወደቀ። አባቴ አራተኛውን በጭንቅላቱ ላይ አነሣ። በዚያች ቅጽበት እንደሚገድለው ተረዳሁ፤ እየሮጥኩ ነበር፣ ግን እንደማልደርስም አውቄ ነበር። የደረሰው ጎረቤታችን ነው። ከኋላ መጥቶ የአባቴን ክንድ ክርኑ ላይ በሁለት እጁ ጨመቀው። ልጁ በእጁና በጉልበቱ እየዳኸ፣ ከዚያም እየሮጠ ወደ ቀፊራ ገበያ አቅጣጫ ጠፋ።

ቀጥሎ የሆነውን ከቅርብ ስላየሁት እንደሆነው እጽፈዋለሁ። ልጁ ከሸሸ በኋላ ጎረቤታችን የአባቴን ክንድ ለቀቀ። አበቃ ብሎ ነው የለቀቀው። የአባቴ ክንድ ግን ገና በአየር ላይ ነበር፤ የሚመታው ሰው ጠፍቶበት ዘወር አለ፣ ከፊቱ ያገኘው የራሱን መኪና ነው። ማኖቬላውን በሁለት እጁ ይዞ ኮፈኑ ላይ አወረደው። ቆርቆሮው ተሰርጉዶ ብረቱን ያዘው።

በሰልፉ ውስጥ የአባቴ ሞተር ብቻ ሳይቋረጥ ይሠራ ነበር። አባቴ ማኖቬላውን ነቅሎ ሊያወጣ ሲታገል ከኋላ የነበሩት ሾፌሮች አንድ በአንድ ከመኪናቸው ወርደው ቀረቡ። መጀመሪያ የደረሰው በለሆሳስ «ኮፈኑ ላይ ነው» አለ። ሌላው «በብረት» አለ። ሦስተኛው ጎንበስ ብሎ በፊት ፍርግርጉ በኩል ራዲያተሩን አየ። አባቴ ምን እንደሚሉ የገባው ያኔ ነው። ፊቱ ላይ ያየሁትን ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም፤ በእናቴ ለቅሶ ላይም አልነበረም።

ጉዳዩ በዚያው ቀን፣ የአስር ሰላት ከተሰገደ በኋላ ለሀጂው ቀረበ። ሀጂው ከሾፌሮቹ ሁሉ የቀደሙ፣ መኪናቸውን ካረዱ ዓመታት ያለፏቸው፣ በክርክር ጊዜ ቃላቸው የሚጸና ሽማግሌ ናቸው። ከዚራ ውስጥ ከአንድ አሮጌ ቪላ አጥር ሥር ባለው ጥላ ተቀምጠን ሁሉንም ሰሙ። እኔም ፈቃድ ጠይቄ ተናገርኩ። ድርጊት ያለ ሐሳብ ሙሉ እንደማይሆን፣ አባቴ በቁጣ ላይ ሆኖ የመታው ቁጣውን እንጂ መኪናውን እንዳልሆነ፣ ለማረድ አስቦ የሚመታ ሰው ሞተሩን አጥፍቶ ተሳፋሪውን አሰናብቶ እንደሚመጣ በቅደም ተከተል አስረዳሁ። አንዱ ሾፌር «አቦ ጠበቃው፣ ያባትህ እጅ ያላባትህ ነው የሚሠራው?» ብሎ አሳቃቸው። አባቴ ሳይዞር ዝም እንድል በእጁ ምልክት ሰጠኝ።

ሀጂው ግን አልሳቁም። አንድ መንገድ አለ አሉ። ምቱ የሚቆጠረው እጁ ነጻ ከነበረ ነው፤ ክንዱ በሌላ ሰው ተይዞ ሳለ ያመለጠ እንደሆነ ከመውደቅ አይለይም፣ ምት አይባልም። ስለዚህ የሚጠየቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። ወደ ጎረቤታችን ዞሩ።

የተቀመጡት ሁሉ ምን እየተጠየቀ እንደሆነ ያውቁ ነበር። በዚያ ጥላ ሥር ከነበሩት ሾፌሮች የዚያን መኪና መታረድ አጥብቆ የሚፈልግ ቢኖር እርሱ ነው፤ መኪናው በድንጋይ ላይ የተሰቀለው የእርሱ ነው።

«እጁ ሲወርድ በእጅህ ነበር ወይስ አልነበረም?» አሉት ሀጂው።

ጎረቤታችን መሬት መሬቱን አየ። «ይዤው ነበር» አለ። «አመለጠኝ።»

ማጉረምረም ተነሣ። አንዱ፣ ዕቃው የሚያስፈልገው ሰው በራሱ ላይ እየመሰከረ ስለሆነ ሊታመን ይገባል አለ። ሌላው፣ እኔ ሲለቀው አይቻለሁ፣ የወዳጅ ወሬ ነው የሚያወራው ብሎ ተከራከረ። እኔም ሲለቀው አይቻለሁ፤ ዝም አልኩ። ሀጂው እጃቸውን አንሥተው ጸጥ አሰኟቸው፣ ከዚያ ለጎረቤታችን እንዲምል ነገሩት፤ ከማለ ነገሩ ያልቃል፣ መኪናው የባለቤቱ ነው።

ጎረቤታችን ቀና ብሎ ቀኝ እጁን ከፍ አደረገ። ከንፈሩ ተከፈተ። የመጀመሪያው ፊደል ከአፉ ሲወጣ አባቴ ከተቀመጠበት ተነሥቶ በሰፊው መዳፉ አፉ ላይ መታው።

ጥፊው እንደ ጣውላ ስብራት ጮኸ። ጎረቤታችን ወደ ጎኑ ተገለበጠ፤ ሲነሣ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደሙ በአገጩ ይወርድ ነበር። ሁለት ሰዎች አባቴ ላይ ተጠመጠሙ፤ አባቴ ግን ሌላ ምት አላሰበም። እያለከለከ ወደ ሀጂው ዞረ።

«አልያዘኝም» አለ። «ለቆኝ ነበር። የመታሁት እኔ ነኝ፣ በራሴ እጅ።» ከዚያ ወደ ወዳጁ ጎንበስ ብሎ፣ እኔ ከአጠገቡ ስለነበርኩ ብቻ በሰማሁት ድምፅ፣ «አንተ ደንቆሮ» አለው፤ «ለቆርቆሮ ብለህ በአላህ ልትምል?»

ሀጂው «ሰምታችኋል» ብቻ ብለው ተነሡ።

ከአርብም ከእሑድም ውጭ መሆን ስላለበት ቅርጫው ሰኞ ዕለት ሆነ። አባቴ በዚያ ጠዋት መኪናውን አጠበ። መኪናው በእንቢታ ፈንታ በመጀመሪያው ሙከራ ተነሣ፤ አባቴም በዚህ ምክንያት ከሌላው ቀን ይልቅ አብዝቶ ሰደበው። እኔ ከፊት ከጎኑ ተቀመጥኩ። በመንገድ ላይ ጆንያ የያዘች አንዲት ሴት እጇን አነሣች፤ አቆመላት። ወዴት እንደምንሄድ ስላላወቀች ወደ ሰቢያን ሰፈር አለችን፤ አቅጣጫችን አልነበረም፤ አባቴ ግን አዞረላት። ስትወርድ በሩን ገጭ አድርጋ ዘጋችው። አባቴ አንገቱን አውጥቶ፣ የአባትሽ ቤት በር መሰለሽ እንዴ ብሎ ጮኸባት። ከዚያ ወደ ደቻቱ ወንዝ ዳርቻ፣ ቅርጫው ወደሚወጣበት ግቢ ነዳን።

ችግሩ የጀመረው ገና ስንገባ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ወደዚያ ግቢ የገቡት መኪኖች ሁሉ ተገፍተው ወይም ተጎትተው ነው የገቡት። በራሱ ጎማ፣ በራሱ ሞተር የገባ አልነበረም። አባቴ መሃል ላይ አቁሞ ወረደ፤ ቁልፉን ግን አላዞረም። ሞተሩ ይሠራል፣ ሾፌሮቹ ቆመዋል፣ በያጁ የጋዝ ቱቦውን በእጁ ይዟል። በያጁ አባቴን «ሞተሩን አጥፋው» አለው። አባቴ «አንተ አጥፋው» አለ። በያጁ አልነካውም። አንዱ ለሌላው ምልክት ሰጠ፣ ያኛውም ወደ ኋላ አፈገፈገ። የሰልፉ ሰዎች ደንቡን እስከ መጨረሻው የተከራከሩ ነበሩ፤ ቁልፉን የሚያዞር ግን ከመካከላቸው ጠፋ።

አባቴ ይህን ሲያይ ሁላቸውንም አንድ ባንድ ሰደባቸው። ከዚያ የተሰረጎደውን ኮፈን በሁለት እጁ ከፍቶ ወደ ውስጥ ገባ፣ በባዶ እጁ የእሳት ሽቦውን ጨብጦ ከሥሩ መነጨቀው። ኤሌክትሪኩ እስከ ትከሻው ሲያንዘፈዝፈው አየሁ፤ ጥርሱን ነክሶ አልለቀቀም፤ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ተንገጫግጮ ቆመ። ሽቦውን መሬት ላይ ወርውሮ፣ ጀምሩ አላቸው።

ጀመሩ። እስካሁን ካየኋቸው ሁሉ የከፋው ያ ነው። የሞተ መኪና ሲቆረጥ ቀዝቃዛ ነው፤ ይህ ግን ትኩስ ነበር። የራዲያተሩ ቱቦ ሲቆረጥ የፈላ ውኃ ተፈናጥሮ የአንዱን ሰው ደረት ላጠው፤ ሰውየው እየጮኸ ሸሚዙን ቀደደ። መዶሻ ይዘው የተሰለፉት፣ አለመምታት ያሳፍራቸው ይመስል፣ ከሚያስፈልገው በላይ ይመቱ ነበር። በሮቹ ተገነጠሉ። የፊተኛው ሶፋ፣ አባቴ ዕድሜውን የተቀመጠበት፣ በጩቤ ተቀድዶ ገለባው ፈሰሰ። ጣሪያው ተገለበጠ። ጎረቤታችን ከግንቡ ተደግፎ፣ ከንፈሩ እንዳበጠ፣ አንድም ብረት ሳይነካ ቆሞ ነበር። ከጥፊው ወዲህ ከአባቴ ጋር አልተነጋገሩም።

መደቦቹ በሸራው ላይ ሲደረደሩ ሀጂው፣ ባለቤቱ ይምረጥ አሉ። ሁሉም ሰው አባቴ ሞተሩን እንደሚወስድ ይጠብቅ ነበር። ከከተማው ፔጆዎች ሁሉ የተሻለ ሞተር ነው፤ ብቻውን ሦስት መደብ ያህላል። አባቴ በመደቦቹ መካከል አልፎ ሄደ፣ ዲፈረንሺያሉ ላይ እግሩን አሳረፈ።

«ይሄ።»

«ጋሼ፣ ሞተሩ እኮ ነው…» አለ አንዱ፣ ደስታውን መሸሸግ አቅቶት።

«በመዶሻው አናትህን ልበልህ?»

ሰውየው ወደ ኋላ ሸሸ። ጎረቤታችን ግን ከግንቡ ተላቅቆ መጣ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እርሱ ነበር የተቆጣው። ወደ ሀጂው ዞሮ አልወስድም አለ፤ ከዚህ ብረት አንድ ብሎን እንኳ ቤቴ አይገባም አለ። ዕጣም አልጣለም። ትቶን ወጣ። ሀጂው አንገታቸውን ደፉ። አባቴና እኔ ዲፈረንሺያሉን በአህያ ጋሪ ጭነን ደቻቱን በድልድዩ ተሻግረን ወሰድነው፤ ከኋላችን ዕጣ እየወጣ፣ ሰዎች ስለ ሞተሩ ሲጨቃጨቁና ሲገፋፉ ይሰማ ነበር።

ግቢ ስንደርስ አባቴ ማንንም አላስፈቀደም። በድንጋይ ከተሰቀለው መኪና ሥር በጀርባው ገብቶ የተሰበረውን ማውለቅ ጀመረ። ዝገቱ ብሎኖቹን ከብረቱ ጋር አዋሕዷቸው ነበር፤ በመዶሻ ብዛት ግቢው ተናወጠ። አንድ ጊዜ መዶሻው ስቶ የግራ እጁን አውራ ጣት ከብረቱ ጋር አላተመው፤ ጥፍሩ ተነሥቶ ደሙ በፊቱ ላይ ሲንጠባጠብ እኔ ልጎትተው ብሞክር በእርግጫ መለሰኝ። የዚያን ጊዜ ጎረቤታችን ከቤቱ ወጣ። ለረጅም ጊዜ ቆሞ አየ። ከዚያ ጨርቅ ቀደደ፣ ጎንበስ ብሎ ወደ ሥር ወረወረው፣ ራሱም ሽርጡን ሰብስቦ ከአባቴ ጎን በጀርባው ገባ። አልተነጋገሩም። ከሥር የሚሰማው የብረት ድምፅና የሁለት አሮጌ ሰዎች ትንፋሽ ብቻ ነበር። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። መኪናው ከድንጋዩ ሲወርድም አንዱ ለሌላው ያለው ነገር አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አባቴ እንደ ወትሮው ተነሥቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ወጣ። ወዴት እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ከዛፉ ሥር ሊቀመጥ መስሎኝ ነበር። ወደ ቢሮዬ ስሄድ በአደባባዩ ያየሁት ግን ከዚያ የተለየ ነው። አባቴ በፔጆዎቹ ሰልፍ ውስጥ ቆሟል፤ በእግሩ፣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ፣ አውራ ጣቱ እንደታሰረ፣ ከፊቱ ባለው መኪናና ከኋላው ባለው መካከል። ከኋላው ያለው የጎረቤታችን መኪና ነው፤ አንድ ሙሉ መኪና የሚያስገባ ክፍተት ትቶለታል። ሰልፉ አንድ ደረጃ ሲንቀሳቀስ አባቴም ጥቂት ተራምዶ ይቆማል። ማንም አልሳቀም። አንድ ባጃጅ በክፍተቱ ሊገባ ሞከረ፤ አባቴ ከመንገዱ አልወጣም፣ ሌሎቹ ሾፌሮችም ከየመኪናቸው ሲወርዱ ባጃጁ ወደ ኋላ ተመለሰ።

ሄጄ ወደ ቤት እንመለስ ልለው አሰብኩ። ቃላቱን እንኳ አሰናድቼ ነበር። ግን ልክ ያኔ ከፊቱ የነበረው መኪና ሞልቶ ሄደ፤ የሰልፉ መጀመሪያ አባቴ ሆነ። ጆንያ የያዘ አንድ ሰው ወደ ፊተኛው መኪና ሲመጣ ከፊቱ ያገኘው አንድ ሽማግሌ ነው፤ ግራ ተጋብቶ ቆመ። አባቴ ከእጁ ጆንያውን ተቀበለው፣ ወደ ኋላ ዞሮ የጎረቤታችንን መኪና ሻንጣ ከፍቶ ከተተው፣ ተሳፋሪውን በፊት በር አስገባ፣ በሩንም በሙሉ ጉልበቱ ገጭ አድርጎ ዘጋው። መኪናው ከጎን ወደ ጎን ተናወጠ።

ጎረቤታችን በመስኮቱ አንገቱን አወጣ። ከንፈሩ ገና አልዳነም።

«ቀስ በል አንተ» አለው። «እሷንም ልትገድልብኝ ነው?»

ከጥፊው ወዲህ ለአባቴ የተናገረው የመጀመሪያው ቃል ነበር። አባቴ መኪናው ሞልቶ እስኪሄድ ጠበቀ። ከዚያ ተራው ስላለፈ፣ በመኪኖቹ ጎን ጎን ተራምዶ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ሄደና ከመጨረሻው መኪና በስተኋላ ቆመ።